እናት በኮሮና ስትታመም ጨቅላው ምን ይሆናል?

በ2013 ዓ.ም. የተወለዱ ልጆች ዘንድሮ ቦርሳ አንግተው ኬጂ ይሄዳሉ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጠዋት በየኮንዶሚኒየሙ በር ሰርቪስ ሲጠብቁ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ሰው «የኮሮና ልጆች» ይላቸዋል። ስሙ የወጣው ለቀልድ ነበር። ሰሞኑን ግን ቀልዱ ከበድ ብሏል። ከመሃላቸው አፉን ሳይፈታ የዘገየ ወይም ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ ካለ፣ «እናቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ኮሮና ይዟት ነበር» የሚል ማብራሪያ ቶሎ ይመጣል።

ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ2018 ጥቅምት 20 ገደማ፣ አሜሪካ ቦስተን አካባቢ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። በእርግዝና ወቅት ኮሮና ከያዛቸው እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ የንግግርና የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ ኦቲዝምም ጭምር፣ በዛ ብሎ ተገኝቷል ይላል። ዜናው ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲወርድ እንደተለመደው አጠረ። «ኮሮና ኦቲዝም ያመጣል» ሆነ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ደግሞ ስለ ፓራሲታሞልና ስለ ኮሮና ክትባት ከዋሽንግተን የወጡ መግለጫዎች ነበሩ። ሁሉም ተደባልቆ ነፍሰ ጡሯ ጆሮ ደረሰ።

ለያይቶ ማየት ይሻላል። ቫይረሱ ራሱ ሆድ ውስጥ ላለው ልጅ ይደርሳል ወይ? ይህ አንድ ጥያቄ ነው። የእናት መታመም ልጁን ይጎዳል ወይ? ይህ ሌላ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያነሣውም፦ ኮሮናን ፈርተን ያደረግነው ነገር ጨቅላዎችን ምን ያህል ጎዳ? ለአዲስ አበባ ዳርቻ ትልቁ ጥያቄ ይሄኛው ይመስለኛል።

## «ከእናት ወደ ልጅ» ስንል

እኛ አገር «ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍ» የሚለው ሐረግ ከኤች አይ ቪ ጋር የመጣ ነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ አይተነዋል። ኤች አይ ቪ በእርግዝና ያልፋል፣ በምጥ ያልፋል፣ በጡትም ያልፋል። እናትየዋ መድኃኒት ካልወሰደች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። ኮሮና ሲመጣ ብዙ ሰው ይህንኑ ሥዕል ይዞ ጠበቀ። እናትን እንዲህ ካንገላታ ልጁን አይምረውም ተባለ።

ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አዩ። ኮሮና ከያዛቸው እናቶች ከተወለዱ ከ14 ሺህ በላይ ሕፃናት ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው 1.8 በመቶ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም ማህፀን ውስጥ የተያዙ አይደሉም። ሕፃን ሲወለድ በእናቱ ደምና ፈሳሽ ተለቅልቆ ነው የሚወጣው። በዚያች ሰዓት ከአፍንጫው የተወሰደ ናሙና «ፖዘቲቭ» ቢል፣ ቫይረሱ ላዩ ላይ ይሁን ውስጡ መለየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ምርመራ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ሊደገም ይገባል ያለው።

ለምን አነሰ? ቫይረሱ አንድ ሴል ውስጥ ለመግባት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ የሚጣበቅበት ተቀባይ ነው፤ ኤሲኢ ቱ ይባላል። ሌላው በሩን የሚከፍትለት ኢንዛይም ነው። እንግዴ ልጅ ውስጥ ሁለቱ አንድ ሴል ላይ አብረው እምብዛም አይገኙም። በዚያ ላይ ኮሮና ዋና ሥራውን የሚሠራው ጉሮሮና ሳንባ ላይ ነው፤ በደም ውስጥ ብዙም አይዘዋወርም። ወደ እንግዴ ልጅ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ደም ነው።

«በጭራሽ አይደርስም» ማለት ግን አይቻልም። ማያሚ ውስጥ ሁለት ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን በሚጥል በሽታ ተያዙ፤ አንጎላቸው ተጎድቶ ነበር። አንደኛው በ13 ወሩ ሞተ። ሐኪሞቹ የቫይረሱን አሻራ እስከ አንጎሉ ድረስ አግኝተውታል። ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም ብዙ ሰው አስደንግጧል። ግን የታተመው እንግዳ ነገር ስለሆነ ነው። ሁለት ሕፃናትን አይቶ የሚሊዮኖችን ዕጣ መተንበይ አይቻልም።

## እንግዴ ልጅ ራሷ ስትታመም

እንግዴ ልጅን በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ አይደለም። አዋላጇ ተቀብላ፣ ገልበጥ አድርጋ፣ ሳትቆራረጥ ሙሉ መውጣቷን ታያለች፤ ከዚያ ትወገዳለች። ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ጠፍጣፋና ክብ ናት፤ መልኳ ጉበት ይመስላል። (ድሮ የትውልድ ቀዬ «እትብቴ የተቀበረበት» የሚባለው እትብቱ ከደጅ አፈር ስለሚገባ ነው። የኮንዶሚኒየም ልጅ ይሄን ምን ብሎ እንደሚለው እንጃ።)

ይህች ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለዘጠኝ ወር የልጁ ሳንባ፣ ኩላሊትና ጉሮሮ ናት። የእናትና የልጅ ደም እዚያ ጎን ለጎን ይፈሳል እንጂ አይቀላቀልም። በመሃላቸው ስስ ግድግዳ አለ፤ ኦክስጅንና ምግብ በእሱ በኩል ያልፋሉ።

አልፎ አልፎ ኮሮና ይህችን ግድግዳ ይመታል። ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ ብግነት ይሉታል፤ በውጭው ስሙ ፕላሴንታይቲስ ነው። ሴሎቹ ይሞታሉ። ፋይብሪን የሚባለው የደም መርጊያ ክር በየክፍተቱ ይጋገራል። ደም የሚያልፍበት ቦታ ይደፈናል። በ12 አገሮች እንዲህ የሞቱ 68 ሕፃናት እንግዴ ልጆች ሲመረመሩ፣ በአማካይ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው አካላቸው ከጥቅም ውጭ ሆኖ ተገኘ። ከልጆቹ አብዛኞቹን የገደላቸው ቫይረሱ ወደ እነሱ ገብቶ አልነበረም። አየር አጥሯቸው ነው። እናቶቹ ያልተከተቡ ነበሩ።

ይህ ዓይነቱ ጉዳት ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በተስፋፋበት ጊዜ በጣም ጎልቶ ታየ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች 1.2 ሚሊዮን ወሊዶች ሲታዩ፣ በዴልታ ወቅት ኮሮና ካልያዛቸው እናቶች ከ1,000 ወሊድ 6 ያህሉ ሞቶ መወለድ ነበር። ከያዛቸው ደግሞ 27። ቁጥሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ያስደነግጣልም። ግን በሌላ በኩል ሲነበብ፣ በዚያ በክፉው ጊዜ እንኳ ከ1,000 እናቶች 973ቱ በሕይወት ያለ ልጅ ታቅፈዋል።

ለነፍሰ ጡሯ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የልጁ እንቅስቃሴ። እንግዴ ልጅ ስትደፈን ልጁ ጉልበት ይቆጥባል፤ መራገጡን ይቀንሳል። ኮሮናም በሉት ኃይለኛ ጉንፋን፣ ትኩሳት ከያዛት በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁ እንደ ወትሮው ካልተንቀሳቀሰ «ተኝቶ ይሆናል» ብሎ ማደር አይገባም። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ የልብ ምቱ ይደመጥላት።

## እናት አየር ሲያጥራት

ብዙ ጨቅላዎችን የጎዳው መንገድ ግን ከዚህም ቀላል ነው፤ ለመረዳት ማለቴ ነው። እናት በሳንባ ምች ትታመማለች። በደሟ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። ስድስትና ሰባት ወር የደረሰ ማህፀን ሳንባዋን ከታች ይገፋዋል፤ ትንፋሽ ድሮም አጥሯታል። ሐኪሙ እሷን ለማትረፍ ልጁ ቶሎ ይውጣ ብሎ ይወስናል። ወይም ምጡ ራሱ ያለ ጊዜው ይመጣል። ልጁ ያለ ቀኑ ይወለዳል።

ኢንተርኮቪድ የሚባለው ጥናት በ18 አገሮች ኮሮና የያዛቸውን 706 ነፍሰ ጡሮች ካልያዛቸው 1,424 ጋር አነጻጽሯል። ጋና፣ ናይጄሪያና ግብፅም አሉበት። ያለ ጊዜ መውለድ በ59 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የእርግዝና ደም ግፊት መመረዝ፣ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ በ76 በመቶ። ይህ ሁለተኛው ከኮሮናም በፊት እናቶቻችንን ሲገድል የኖረ በሽታ ነው።

ያለ ጊዜው የሚባለው ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ነው። ከ34 ሳምንት በታች ሲሆን ደግሞ ሳንባው ገና ነው። የሳንባ ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባት መሰል ፈሳሽ አለ፤ እሱ በበቂ አልተሠራም። ልጁ ለእያንዳንዷ ትንፋሽ ይታገላል፤ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ይታያል። ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ጡት ለመሳብ ጉልበት የለውም። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተወለደው የት ነው?

በእኛ አገር በ2011 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት አያልፉም ብሏል። ይህ ከኮሮና በፊት ነው። በእነዚህ 28 ቀናት ውስጥ ያለ ልጅ ነው ጨቅላ የሚባለው።

ዳርቻ ላይ ርቀት ይጨመራል። ከቂሊንጦ ወይም ከለገጣፎ ጫፍ የምትኖር እናት መጀመሪያ የምትደርሰው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያ ያዋልዳል፤ ለ1.5 ኪሎ ጨቅላ የሚሆን ክፍል ግን የለውም። ሪፈር ይጻፋል። ከዚያ አምቡላንስ፣ ወይም የጎረቤት መኪና፣ ወይም ባጃጅ። የደረሱበት ሆስፒታል አልጋ ከሌለው ሌላ ሪፈር። የጤና ሰዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ይሉታል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ኮሮና ሦስቱንም አባሰ። በ2012 ሚያዝያ ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ነበር የሚጭነው። በምሥራቅ በኩል ላለው ነዋሪ ቅርብ የነበረው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ማዕከል ሆነ። ሆስፒታል መሄድ ራሱ በሽታ መሸመት ነው የሚል ፍርሃትም ነበር። ክትትሏን ያቋረጠች እናት ደም ግፊቷን የሚለካላት የለም። የእሷ ልጅ ያለ ጊዜው ቢወለድ ከኮሮና ቁጥር ውስጥ አይገባም። ጉዳቱ ግን የዚያው ወረርሽኝ ነው።

## ከእቅፍ የተለዩት

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ወረርሽኙ እንደጀመረ በብዙ አገሮች አንድ አሠራር ተለመደ። ኮሮና ያለባት ወይም የተጠረጠረች እናት ከወለደች ልጇ ይወሰዳል። ለብቻው ይቀመጣል። ጡት አይጠባም፣ ጣሳ ወተት ይሰጠዋል። በ62 አገሮች ያሉ የጨቅላ ክፍል ሠራተኞች ተጠይቀው፣ ሁለት ሦስተኛዎቹ ኮሮና የተገኘባት ወይም የተጠረጠረች እናት ልጇን ገላ ለገላ እንድታቅፍ አንፈቅድም አሉ። ሩብ የሚጠጉት ጡትም አናስጠባም ብለዋል።

በዚያን ጊዜ ላሉት ሐኪሞች ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። በ2012 መጋቢትና ሚያዝያ ማንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አዲስ ቫይረስ ነው፤ ጨቅላ ደግሞ ምንም አይችልም። «እስኪታወቅ ድረስ እንለያቸው» ማለት አስተዋይነት ይመስል ነበር። ችግሩ መልሱ ከመጣ በኋላም አሠራሩ ቶሎ አለመለወጡ ነው።

መልሱ ቶሎ ነበር የመጣው። ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሮና ካለባቸው እናቶች የተወለዱ 120 ሕፃናት አብዛኞቹ ከእናታቸው ጋር አንድ ክፍል አደሩ፤ ጡትም ጠቡ። እናቶቹ ማስክ አደረጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። በ24 ሰዓት ሲመረመሩ አንዱም አልተያዘም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ18 እናቶች የተወሰዱ 64 የጡት ወተት ናሙናዎች ተመረመሩ። በአንዱ ላይ ብቻ የቫይረሱ ፍርፋሪ ተገኘ፤ ሊራባ የሚችል ሕያው ቫይረስ ግን በአንዱም የለም። ወተቱ ውስጥ የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመያዝ የሚሠራቸው መከላከያዎች። እናትየዋ ታማ ያፈራችውን መከላከያ ለልጇ እያጠባችው ነው። እንገሩ፣ ያ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። እሱን ጨምቆ መድፋት ድሮም ጉዳት ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ደግሞ የባሰ።

ማቀፍ ስንል ስለ ፍቅር ብቻ የምናወራ ይመስላል። ትንሽ ሆኖ ለተወለደ ልጅ ግን ማቀፍ ሕክምና ነው። የካንጋሩ እንክብካቤ ይባላል። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሳጥን፣ ኢንኩቤተር የሚሉት፣ ስላልበቃ የተጀመረ ነው። ጨቅላው ዳይፐር፣ ቆብና ካልሲ ብቻ ይደረግለታል። በእናቱ ጡቶች መሃል ቀጥ ተደርጎ ይቀመጣል፤ እግሩ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ። ከላይ በነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ይታሰራል። ሙቀቱን ከገላዋ ይወስዳል። ትንፋሹ ከትንፋሿ ጋር ይረጋጋል። ጡቱ አፉ ሥር ነው። ለሊቱንም ቀኑንም እንዲህ ነው፤ ስትደክም አባት ይቀበላታል።

ማስረጃው ከሩቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ጨቅላዎችን በሁለት ወገን ከፍለው አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በካንጋሩ እቅፍ ከተያዙት 62 ጨቅላዎች 22.5 በመቶ ሞቱ። በተለመደው መንገድ ከተያዙት 61 ደግሞ 38 በመቶ። ሁለቱም ቁጥር ያሳዝናል። ልዩነቱ ግን የእናት ደረት ነው።

ይህን ከኮሮና ጋር በሚዛን ያስቀመጡ ተመራማሪዎች አሉ። የካንጋሩ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ ቢዳረስ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ125 ሺህ በላይ ጨቅላዎች ይተርፋሉ አሉ። በእቅፍ ምክንያት ኮሮና ይዟቸው ሊሞቱ የሚችሉት ግን ከ2 ሺህ አይበልጡም። በግምት የተሠራ ስሌት ነው፤ እንዳለ አይወሰድም። ቢሆንም ልዩነቱ ከ60 እጥፍ በላይ ነውና ግምቱ በግማሽ ቢሳሳት እንኳ ፍርዱ አይለወጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም እናት በጣም ካልታመመች በቀር ልጇ ከእሷ ጋር ይሁን፣ ይጥባ ብሏል።

## የቦስተኑ ጥናት በትክክል ምን አለ?

ተመራማሪዎቹ ከ2020 መጋቢት እስከ 2021 ግንቦት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ የተወለዱ 18,124 ልጆችን መዝገብ አዩ። ከነዚህ 861 እናቶች በእርግዝናቸው ኮሮና ተገኝቶባቸዋል። ልጆቹ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው የዕድገት ችግር አለበት ተብሎ የተመዘገበው ኮሮና ካገኛቸው እናቶች ልጆች 16.3 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.7 በመቶ ሆነ። ያለ ጊዜ መወለድንና ሌሎች ልዩነቶችን አስተካክለው ሲያሰሉት ልዩነቱ ጠበበ፤ 1.3 እጥፍ ገደማ። በወንዶች ልጆችና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በተያዙት ላይ ጎላ ይላል።

እንዴት ሊሆን ይችላል፣ ቫይረሱ ልጁ ጋ ካልደረሰ? አንዱ መላምት የእናት ሰውነት ሲቆጣ ነው የሚል ነው። ሰውነት በሽታን ሲዋጋ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃል። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ ከእነሱ ነው። ሲበዙ በእንግዴ ልጅ በኩል ገና በመሠራት ላይ ያለውን አንጎል ሊረብሹ ይችላሉ።

ጥርጣሬ ያላቸውም አሉ፤ ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ጥናቱ የተሠራው ከመዝገብ ነው። ኮሮና ይዟታል የተባለች እናት ልጇን በዓይን ትከታተላለች፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ትወስዳለች፤ ስለዚህ ቶሎ ይመዘገብባታል። ሌላ በአሜሪካ የተሠራ ጥናት ከ2 ሺህ በላይ እናቶችን ከእርግዝናቸው ጀምሮ ተከታትሎ፣ ልጆቹን በ12፣ በ18 እና በ24 ወራቸው በመጠይቅ ለክቶ ምንም ልዩነት አላገኘም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣው ሌላ የኒው ዮርክ ጥናት ነው። 255 ሕፃናት በስድስት ወራቸው ታዩ። እናታቸው ኮሮና የያዛትና ያልያዛት ልጆች እኩል ሆኑ። ሁለቱም ግን ከወረርሽኙ በፊት ከተወለዱት ትንሽ ዝቅ ብለው ተገኙ። ቫይረሱን ሳይሆን ዘመኑን ያሳያል ማለት ነው፤ የእናት ጭንቀት፣ የተዘጋ ቤት፣ ሰው የማያይ ልጅ።

ሁለቱን ወገን ሳመዛዝን፣ ትንሽ ተጨማሪ ሥጋት ሊኖር ይችላል የሚለው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። በተለይ ከክትባት በፊት በጣም የታመመች እናት ላይ። «ኮሮና ኦቲዝም ያመጣል» ግን ከጥናቱ አይወጣም። በዚያው በቦስተኑ መዝገብ እናታቸው ኮሮና ከያዛት ከ100 ልጆች 84ቱ ምንም አልተመዘገበባቸውም።

## ፓራሲታሞልና ክትባት

በ2018 መስከረም 12 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነፍሰ ጡሮች ታይለኖል አይውሰዱ አሉ። ታይለኖል ማለት በእኛ ፋርማሲ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሁለት ቀን ውስጥ ከኦቲዝም ጋር ያለው ግንኙነት አልተረጋገጠም ሲል መለሰ። ስዊድን ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን ልጆች የታዩበት ጥናት ወንድምና እህት ሲያነጻጽር ግንኙነቱ ጠፍቷል። ኃይለኛ ትኩሳት ዝም ሲባል ግን ራሱ ለጽንሱ ጉዳት አለው። በሐኪም በተነገረው መጠን ፓራሲታሞል መውሰድ እስካሁን የተሻለው መንገድ ነው። ይልቅ ሰው የማይፈራው አድቪል፣ ማለትም አይቡፕሮፌን ነው፤ ከ20 ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። በ2017 ግንቦት የአሜሪካ ጤና ሚኒስትር ለጤነኛ ነፍሰ ጡሮች አይመከርም አሉ። የዚያው አገር የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር አልተቀበለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ነፍሰ ጡሮችን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ ያስቀምጣል። የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሰጥ የኮሮና ክትባት የለም። ያለው መከላከያ በእትብትና በጡት ወተት በኩል ከእናቱ የወሰደው ብቻ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት በእርግዝና የተከተቡ እናቶች ልጆች በኮሮና ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው በ61 በመቶ ቀንሷል። ከዴልታ በኋላ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ ይህ ቁጥር ዝቅ ብሏል፤ ያንንም መደበቅ አያስፈልግም።

## አራስ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ

አንዲት ስቱዲዮ ቤት እናስብ። አልጋው፣ ምድጃው፣ የሕፃኑ መኝታ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በርሜሉ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሟል። አራሷ በሦስተኛ ቀኗ ናት። ከታች ፎቅ ያሉ እትዬ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። ከዕድሩ ሦስት ሴቶች። የባል እህት ከነልጆቿ። አንዷ «ብርድ ነክቶኝ ነው» እያለች ታስነጥሳለች። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ጉንጩን ይስመዋል።

ጨቅላን ዛሬ የሚያስይዘው በአብዛኛው ይህ ክፍል ነው። ኮሮና ብቻ አይደለም፤ አርኤስቪ የሚባለው ሌላው የጉንፋን ዘመድ ለጨቅላ ሳንባ ከኮሮና አይተናነስም። አራስ ጥየቃ ይቅር ማለት ሞኝነት ነው፤ ያቺ ገንፎ የያዘች ጎረቤት ባትኖር አራሷን ማን ያያታል? ግን ያስነጠሰችው ሴትዮ በር ላይ ሆና «ማርያም ታሳድግልሽ» ብትል ማንም አይቀየማትም። መስኮቱም ለአሥር ደቂቃ ቢከፈት ልጁ እናቱ ደረት ላይ ከሆነ አይበርደውም። እናትየዋ ራሷ ጉንፋን ከያዛት ማስክ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ጡት ትስጠው።

ኮሮና የያዘው ጨቅላ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ከዚያ ይድናል። የሚያስፈራው ምልክት የማንኛውም በሽታ ምልክት ነው። ጡት እምቢ ካለ። ካንቀጠቀጠው። ትኩሳት ካለው ወይም ገላው ከቀዘቀዘ። ሲነኩት ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ። ትንፋሹን ለመቁጠር ልብሱን ከሆዱ ገለጥ ማድረግና የስልክ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ ጸጥ ባለበት አንድ ደቂቃ ሙሉ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንዴ ይደገም። ዳግመኛም 60 ካለፈ ጊዜው የዳማከሴ አይደለም፤ 907 ተደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ፣ ወይም የተገኘው መኪና።

## ኬጂ የገቡት

በኮሮና ጊዜ ተወልዶ አሁን ንግግሩ የዘገየ ልጅ ያላት እናት ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ኮሮና ነበረብሽ ወይ» የሚለው ብዙ አይጠቅማትም። በ2013 ምርመራ ያደረገ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ አልፎታል። የሚጠቅሙት ሌሎቹ ናቸው። በስንት ሳምንትሽ ወለድሽ? ስንት ኪሎ ነበር? ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ? ኦክስጅን ተደርጎለት፣ ጨቅላ ክፍል ተኝቶ ነበር? የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ነበር? ከእነዚህ አብዛኞቹ የክትትል ካርዷና የሆስፒታሉ መውጫ ወረቀት ላይ አሉ። ቤት ስትቀይር ካልጣለቻቸው።

የመጀመሪያው ምርመራም የአንጎል አይደለም፤ የጆሮ ነው። ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ቢጫ ሆኖ ወይም ኢንፌክሽን ይዞት የከረመ ልጅ የመስማት ችግር ሊኖረው ይችላል። የማይሰማ ልጅ አይናገርም፤ ሲጠሩትም ዞር አይልም። ጆሮው ደህና ከሆነ በኋላ ነው ወደ ኦቲዝም ምርመራ፣ ወደ ንግግር ሕክምና የሚኬደው። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ መሃል ከተማ ያለ የጆሮ ክሊኒክ ለመድረስ ሁለት ታክሲና ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ልጁን በስሙ እየጠሩ መልስ ከመጠበቅ ግን ያንን ግማሽ ቀን ማውጣት ይሻላል።